የጃኒስ ጆፕሊን ዕዳ

በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት የፊላደልፊያ ነዋሪ ለከተማዋ ትልቅ ጋዜጣ፣ ለ«ፊላደልፊያ ኢንኳየረር»፣ ደብዳቤ ጻፈች። ጋዜጣው የአንባቢን አቤቱታ ተቀብሎ መፍትሔ የሚያፈላልግ ዓምድ ነበረው። የሴትየዋ አቤቱታ ግን ስለ ውሃም ስለ መንገድም አልነበረም። ስለ መቃብር ነው። በዘመኗ «የብሉዝ እቴጌ» ትባል የነበረችው ቤሲ ስሚዝ ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ ሻረን ሂል በሚባል ቦታ ተቀብራለች። ከሞተች 33 ዓመት ሊሞላት ነው። መቃብሯ ላይ ግን ስሟን የሚናገር አንዲት ድንጋይ እንኳ የለችም።

ከጋዜጣው ስልክ ተደወለ። ሁለት ሴቶች ወጪውን ለመካፈል እሺ አሉ። አንደኛዋ ዋኒታ ግሪን ትባላለች፤ ልጅ እያለች ቤሲ ቤት እየሄደች በቤት ሥራ ታግዝ የነበረች ጥቁር ፊላደልፊያዊት። ሁለተኛዋ ጃኒስ ጆፕሊን ናት፤ የቴክሳስ ልጅ፣ ነጭ፣ 27 ዓመቷ፣ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ውስጥ ከማንም ሴት የሮክ ድምፃዊ በላይ ስሟ የሚጠራ። ድንጋዩ ኦገስት ላይ ቆመ። በሁለት ወር ውስጥ ጃኒስም ሞተች።

ታሪኩን የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ሲደርሱ «ወይ ጉድ!» ብለው ያልፋሉ። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት ዘፋኝ ለማታውቃት፣ ስድስት ዓመት ሳይቀራት፣ ከመወለዷ በፊት ለሞተች ሴት ድንጋይ የምትገዛው ለምንድን ነው? ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ? ዕዳ ከሆነ ደግሞ በሕይወት ያሉት ባለዕዳ ጠያቂዎችስ?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጃኒስ ጃንዋሪ 19 ቀን 1943 ፖርት አርተር ተወለደች። ፖርት አርተር ከሉዊዚያና ድንበር ጥግ፣ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ያለች የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ ናት። አባቷ ቴክሳኮ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ፣ እናቷ የአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ነበሩ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ቤታቸው ችግር የሚባል አልነበረም። ችግሩ ከበር ውጭ ነበር። በከተማዋ ነጭና ጥቁር ለየብቻ ይኖራል፣ ለየብቻ ይማራል። ጃኒስ ክፍል ውስጥ ይሄ መለያየት መቅረት አለበት ብላ አፏን ከፈተች፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ «የጥቁር ወዳጅ» የሚለው ስድብ፣ ያውም ከዚህ በጣም በከፋ ቃል፣ በኮሪደሩ ይከተላት ጀመር። ላይ ላዩን ደግሞ ፊቷ በብጉር ተበላሸ፣ ወፈረች። የሃይስኩል ልጆች ጭካኔ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አንድ ጓደኛዋ የሊድ ቤሊ ሸክላዎች ነበሩት። ከሊድ ቤሊ ወደ ቤሲ ስሚዝ፣ ከቤሲ ወደ ኦዴታ ተሻገረች። ልብ በሉ፣ ጃኒስ መዝፈን እንደምትችል ያወቀችው በራሷ ድምፅ አይደለም። ጓደኞቿ መሃል ቁጭ ብላ ኦዴታን አስመስላ ስትዘፍን ነው፣ ሁሉም ዞር ብሎ ያያት። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ደግሞ ልጆቹ መኪና ውስጥ ታጭቀው ወንዙን ተሻግረው ሉዊዚያና ይገባሉ፤ እዚያ 18 ዓመት ለሞላው መጠጥ ይሸጣል፣ የሞላው ያልሞላውም ብዙ አይጣራም፣ ሙዚቃውም ሌላ ነው።

በ1962 ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በባዶ እግሯ ክፍል ትገባለች፣ አውቶሃርፕ የምትባለውን ባለብዙ ክር መሣሪያ ታቅፋ ትዞራለች፣ ማታ ማታ ድሮ ነዳጅ ማደያ በነበረው የትሬድጊል መሸታ ቤት ትዘፍናለች። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ሳይቀር ስለ ለየት ማለቷ ጻፈላት። ነገር ግን በዚያው ዓመት ወንድ ተማሪዎች ባዘጋጁት «የካምፓሱ አስቀያሚ ወንድ» ውድድር ላይ ስሟን አስገቡት። ወንድ፣ አዎ። በ1963 መጀመሪያ ከቼት ሄልምስ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ሊፍት እየለመነች ሳን ፍራንሲስኮ ገባች።

የመጀመሪያው የሳን ፍራንሲስኮ ጉዞ ሊገድላት ነበር። አምፌታሚን የሚባለውን አነቃቂ ዕፅ እየወጋች 40 ኪሎ ደረሰች። ከዚያ ዘመን አንድ ደስ የሚል ነገር ተርፏል፦ በ1964 ከጊታሪስቱ ዮርማ ካውኮነን ጋር ቤቱ ውስጥ የቀዱት ቴፕ። ከጀርባ የጽሕፈት መኪና ሲንኳኳ ይሰማል። የዮርማ ሚስት ናት፣ ሥራዋን አላቋረጠችም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ «የታይፕራይተር ቴፕ» የሚባለው። ከተዘፈኑት አንዱ ቤሲ ስሚዝ በ1929 ሸክላ ያስቀረጸችው፣ ሰው ኪሱ ሲራቆት ወዳጅ እንደሚርቀው የሚናገረው ዘፈን ነው። የ21 ዓመት ልጅ የታላቅ እህቷን ቀሚስ እንደለበሰች ነው የምትሰማው፤ ያምርባታል፣ ግን የሷ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ጓደኞቿ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ አዋጥተው በ1965 ወደ ቤተሰቦቿ መለሷት። አንድ ዓመት ሙሉ ጨዋ ልጅ ሆና ኖረች። ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ተሠራች፣ ኮሌጅ ተመዘገበች፣ ታጨች። እጮኛው ጠፋ። በጁን 1966 ቼት ሄልምስ ሰው ልኮ አስጠራት፦ «ቢግ ብራዘር ኤንድ ዘ ሆልዲንግ ካምፓኒ» የሚባል ባንድ አለ፣ ድምፃዊ ይፈልጋል።

ይህ ባንድ ጎበዝ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አልነበረም እላለሁ። ጊታሮቹ ይጮኻሉ፣ ከቅኝት ይወጣሉ፣ ቴምፖው ይሮጣል። ግን ጃኒስ የዘፈነችበት ሌላ ባንድ ሁሉ ይህንን ያህል አይስማማትም። ጩኸታቸውን ለማሸነፍ እሷም መጮኽ ነበረባት፤ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ የተወለደው ከዚያ ትግል ነው። ኦዴታንና ቤሲን ስታስመስል የኖረች ልጅ ማስመሰያ ጊዜ አጣች።

አሁን ወደ ዕዳው እንመጣለን።

አንድ ምሽት የባንዱ ልጆች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት ዘፋኝ ለመስማት ሄዱ። ዊሊ ሜይ ቶርንተን ትባላለች፤ ሰው የሚያውቃት ግን «ቢግ ማማ» በሚለው ስሟ ነው። በ1926 አላባማ ውስጥ ከሰባኪ አባት የተወለደች፣ ሃርሞኒካና ከበሮ በራሷ የተማረች፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የምትመዝን፣ መድረክ ላይ አንዳንዴ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትወጣ ሴት ናት። በ1953 «ሃውንድ ዶግ» የተባለው ዘፈኗ በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ከርሟል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ ዘፈን ኤልቪስ ፕሪስሊ ዘፈነው፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ቢግ ማማ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው አንድ የ500 ዶላር ቼክ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተናግራለች።

ያን ምሽት ራሷ የደረሰችውን «ቦል ኤንድ ቼይን» ዘፈነች። ርዕሱ ድሮ እስረኛ እግሩ ላይ የሚታሰርበትን የብረት ኳስና ሰንሰለት ያመለክታል፤ እዚህ ግን አሳሪው ፍቅር ነው። ልጆቹ ከመድረክ ጀርባ ሄደው እንድንዘፍነው ትፈቅጂልናለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ፈቀደች። መልካም። የጠየቀ ሰው ሌባ አይባልም። ዜማውን አዘገዩት፣ ወደ ማይነር ቀየሩት፣ የጊታር ጩኸት ጨመሩበት። በቢግ ማማ አፍ የምትስቅና የምትቆጣ ሴት ዘፈን የነበረው በጃኒስ አፍ የተቃጠለ ሰው ልመና ሆነ።

በጁን 1967 ሞንተሬይ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተደረገ። ቢግ ብራዘር ቅዳሜ ተጫወቱ፤ ማናጀራቸው ካሜራ እንዳይቀርጻቸው ከልክሎ ስለነበር የዚያ ቀን ፊልም የለም። ሕዝቡ ግን እንደዚያ ሲሆን አይተው እሁድ እንደገና ወጡ፣ በዚህኛው ተቀረጹ። የዲ. ኤ. ፔኔቤከርን ፊልም ካላያችሁ እዩት። ጃኒስ «ቦል ኤንድ ቼይን»ን ስትዘፍን እግሯ መሬት ይደበድባል፣ መሐል ላይ ካሜራው ወደ ታዳሚው ሲዞር ዘፋኟ ካስ ኤሊየት አፏን ከፍታ ታያለች። በእኔ እምነት የጃኒስ ሕይወት ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ነው፤ ከዚህ በፊት አንዲት የቴክሳስ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ ኮከብ። ማጠፊያው ደግሞ የሌላ ሴት ዘፈን ነው።

በ1968 «ቺፕ ትሪልስ» አልበም በኮሎምቢያ ኩባንያ ወጣ፣ ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆነ። አልበሙ ላይ ከምትሰሙት የሕዝብ ጩኸት አብዛኛው በስቱዲዮ የተጨመረ ነው። በእውነት ሕዝብ ፊት የተቀዳው «ቦል ኤንድ ቼይን» ነው። የአልበሙ ሌላው ታዋቂ ዘፈን «ፒስ ኦቭ ማይ ሃርት»ም ቢሆን ከአንድ ዓመት በፊት የአሪታ ፍራንክሊን ታላቅ እህት ኤርማ ዘፍናው ነበር።

የቢግ ማማስ ድርሻ? ቀደም ብላ ዘፈኑን ለአንድ አነስተኛ ኩባንያ ቀድታለት ነበር። ኩባንያው ሸክላውን ሳያወጣ መብቱን ግን ይዞ ቀረ። ስለዚህ የጃኒስ አልበም በየቤቱ ሲሽከረከር የደራሲነቱ ገንዘብ ወደ ቢግ ማማ አልሄደም። አንድ ነገር ግን አገኘች፦ ስሟ ተነሳ። ጃኒስ በየቃለ መጠይቁ ታነሳታለች፤ ፌስቲቫሎች ጠሯት፣ በ1968 እሷም በዚሁ ዘፈን ርዕስ አልበም አወጣች። ጃኒስ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ምስጋናም አልነፈገችም። ምስጋና ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። የዘፈን ንግዱ ደግሞ የተሠራው እንዲህ ነው፤ አንድም ሰው ሳይሰርቅ ገንዘቡ ከባለቤቱ ይቀራል።

ከዚያ ጃኒስ ቢግ ብራዘርን ተወች። ጥሩንባና ሳክስፎን ያለው ባንድ አቋቁማ እንደ ኦቲስ ሬዲንግ መዝፈን ፈለገች። ኦቲስን ታመልከው ነበር፤ በ1966 መጨረሻ ፊልሞር አዳራሽ ሲዘፍን ሦስቱንም ምሽት ቀድማ ገብታ ከመድረኩ ፊት ለፊት ቆማ ነው የሰማችው። አዲሱ ባንድ ገና ሦስት ሳምንቱ ሳለ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1968፣ ሜምፊስ ላይ ወጣ። ማን ፊት? በስታክስ ኩባንያ የበዓል ኮንሰርት ላይ፣ ማለትም የኦቲስ ኩባንያ፣ የኦቲስ ከተማ፣ የኦቲስ ሰዎች ፊት። አብዛኛው ታዳሚ ጥቁር ነበር፣ ከእሷ በፊት የወጡት የስታክስ ዘፋኞች መድረኩን አቃጥለውታል። ጃኒስ ዘፈነች። ጭብጨባው ቀዘቀዘ፣ ድገሚ ያላት ሰው አልነበረም። ሞንተሬይ ላይ ነጭ ወጣቶችን ያንበረከከው ነገር እዚህ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ተራ ሆነ። ስለዚህ ምሽት የሚጻፈው በአብዛኛው ባንዱ አልተለማመደም ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፣ አልተለማመደም። ግን ያ ብቻ ይመስላችኋል?

በ1969 ብዙ ነገር ሆነ፣ ዉድስቶክን ጨምሮ፤ እዚያ ሌሊት ደክሟትና ጠጥታ ነው የወጣችው። ሄሮይኑም በዚያ ዓመት ጠና። በዚህ ላይ አልቆይም።

ወደ ቤሲ ስሚዝ ልመለስ፣ ምክንያቱም የዕዳው ሰንሰለት ከጃኒስ አይጀምርም። ቤሲ በ1923 የመጀመሪያ ሸክላዋን ስታስቀርጽ የዘፈነችው «ዳውንሃርትድ ብሉዝ» የራሷ አልነበረም። አልበርታ ሃንተር ከጓደኛዋ ጋር የደረሰችውና ቀድማ ያስቀረጸችው ነው። ብሉዝ እንዲህ ነው፤ ዘፈኑ ከአፍ አፍ ይሄዳል፣ የተሻለ የዘፈነው ይወስደዋል። እዚህ ላይ ማንም ንጹሕ የለም፣ ማንም ሌባም አይደለም። ልዩነቱ ገንዘቡ ሲቆጠር ነው። የቤሲ ሸክላዎች በብዙ መቶ ሺህ ተሸጡ፤ አሳታሚዋ ለእያንዳንዱ ዘፈን ቁርጥ ዋጋ ነበር የሚከፍላት፣ ከሽያጩ ፐርሰንት አልነበራትም። አሳታሚዋ ማን ነበር? ኮሎምቢያ። ከ45 ዓመት በኋላ «ቺፕ ትሪልስ»ን ያወጣው ያው ኮሎምቢያ።

ቤሲ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1937 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ሃይዌይ 61 ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሞተች። ወዲያው አንድ ወሬ ተነሳ፦ የነጮች ሆስፒታል አላስገባም ብሏት ደሟ ፈስሶ ሞተች የሚል። ወሬው ቴአትር ሳይቀር ተጻፈበት። በኋላ ሲጣራ እንደዚያ አልነበረም፤ የተወሰደችው በቀጥታ ክላርክስዴል ወደሚገኘው የጥቁሮች ሆስፒታል ነው፣ አደጋው ቦታ የደረሰው ሐኪምም ይህንኑ መስክሯል። ግን ወሬው ለምን ያን ያህል ዓመት ታመነ? በዚያ አገር በዚያ ዘመን ሊሆን የሚችል ነገር ስለነበር ነው። ቀብሯ ላይ ሺዎች ወጡ። ከዚያ ሺዎቹ ተበተኑ። ለድንጋይ ተብሎ በኋላ የተሰበሰበ ገንዘብም ድንጋይ ሳይሆን ቀረ።

በኦገስት 1970 ድንጋዩ ሲቆም ጃኒስ ሥራ በዝቶባት ነበር። በ12ኛው ቀን ሃርቫርድ ስታዲየም ላይ 40 ሺህ ገደማ ሕዝብ ፊት ዘፈነች፤ የመጨረሻ ኮንሰርቷ ሆነ። በ14ኛው ቀን ደግሞ ፖርት አርተር ሄደች፣ የሃይስኩል ምሩቃን 10ኛ ዓመት ግብዣ ላይ ለመገኘት። ቀደም ብላ በዲክ ካቬት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ፣ ከክፍልም ከከተማም ከክፍለ አገሩም ስቀው እንዳባረሯት ተናግራ ነበር። ፀጉሯ ላይ ላባ ሰክታ፣ በእጇ አምባር ደርድራ መጣች። ጋዜጠኞች ከበቧት። ስለ ትምህርት ቤት ትዝታዋ ሲጠይቋት መልሷ ይንተፋተፋል፤ ቪዲዮው አለ፣ ፊቷ ላይ የ17 ዓመቷን ልጅ ታያላችሁ። ልትበቀል የመጣች ሴት እንደገና ተጎድታ ሄደች።

አንድ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ ለምን ያደርጋል? መልሱን ከአፏ አልሰማነውም። እኔ የሚመስለኝ፣ ጃኒስ ያኔ ማንነቷን ሁለት ቦታ እየፈለገች ነበር። ፖርት አርተር የተወለደችበት ነው፣ አልፈለጋትም። ሻረን ሂል ራሷ የመረጠችው ዘመድ መቃብር ነው፣ እዚያ የሚያባርራት የለም። በእኛ አገር አስተሳሰብ ብታዩት ድንጋይ የሚያቆም ልጅ ነው። ድንጋይ ማቆም «እኔ የእሷ ነኝ» ማለት ነው። ዕዳ ከፋይም፣ ወራሽ ነኝ ባይም ናት፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ከዚያ ወር በኋላ ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ገባች። አዲሱ ባንድ ጥሩ ነው፣ ፕሮዲውሰሩ ፖል ሮትሽልድ ድምጿን መቆጠብ እያስተማራት ነው። ኦክቶበር 1 ቀን «መርሴዲስ ቤንዝ» የተባለችውን ቀልደኛ ዘፈን ያለ ሙዚቃ፣ በአንድ ትንፋሽ ቀዳች። ኦክቶበር 4 ቀን በሆቴል ክፍሏ ሞታ ተገኘች። ሄሮይን ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ ከሞተ ገና 16 ቀኑ ነበር፤ እሱም 27 ዓመቱ ነበር። አልበሙ «ፐርል» በጃንዋሪ 1971 ሲወጣ አንደኛው ዘፈን ድምፅ የለበትም፤ ሙዚቃው ተቀድቶ እሷ ልትዘፍንበት የነበረ ነው። እንዲሁ ባዶውን አወጡት። አልበሙ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆነ።

በኑዛዜዋ ለጓደኞቿ ግብዣ የሚሆን 2,500 ዶላር ትታለች። ተደገሰ፣ ተጠጣ። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ተበተነ። ለሌላ ሰው ድንጋይ የገዛችው ሴት ራሷ መቃብር የላትም።

የሮክ ዝነኞች አዳራሽ የሚባለው ተቋም ቤሲን በ1989፣ ጃኒስን በ1995 አስገባ። ቢግ ማማ ቶርንተን የገባችው በ2024 ነው። እሷ በ1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በአንድ የኪራይ ክፍል ስትሞት 57 ዓመቷ ነበር፤ ያ ግዙፍ ሰውነት በመጠጥና በሕመም ከ45 ኪሎ በታች ወርዶ ነበር። የተቀበረችው ኢንግልዉድ ፓርክ በሚባል መካነ መቃብር፣ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ነው።